የት ይቆም? የዲክንስ “ብሊክ ሃውስ” ወደ ቴሌቪዥን የመጣበት መንገድ፦ የጉዳይ ጥናት

መነሻ

ወፍራም ልቦለድ ወደ ተከታታይ ድራማ ይቀየር በተባለ ቁጥር መጀመሪያ የሚነሳው ጥያቄ “ምን ይቆረጥ?” የሚል ነው። እኔም ከድራማ ጽሑፍ ጋር ስታገል የኖርኩት በዚሁ ጥያቄ ነው። ከእሱ በፊት መመለስ ያለበት ሌላ ጥያቄ መኖሩን ያስተማረኝ አንድ ስራ ነው፤ ተመዝግቦ ቢቀመጥ ይጠቅማል ብዬ እዚህ አሰፍረዋለሁ።

ስራው ቢቢሲ ከእንግሊዛዊው ደራሲ ከቻርልስ ዲክንስ ልቦለድ ወስዶ እ.ኤ.አ. በ2005 ያቀረበው ተከታታይ ድራማ፣ “ብሊክ ሃውስ” ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ ከዚህ በኋላ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) መጀመሪያ ያየሁት እንደ ማንኛውም ተመልካች ነበር። ሁለተኛ ጊዜ መጽሐፉን ጭኔ ላይ ዘርግቼ፣ እርሳስ ይዤ፣ እያንዳንዱ ክፍል የሚያልቅበትን ቦታ በገጹ ዳር እያመለከትኩ አየሁት። ከደራሲው በቀር የስራውን ሰዎች በስም አልጠራም፤ ጸሐፊው፣ ዳይሬክተሮቹ፣ ተዋናይዋ እያልኩ እሄዳለሁ። የምመረምረው አሰራሩን ነውና።

ልቦለዱ እንዴት ወጣ

“ብሊክ ሃውስ” እንደ ዛሬው ተጠርዞ፣ በአንድ ጥራዝ አይደለም መጀመሪያ አንባቢ እጅ የገባው። ከማርች 1852 እስከ ሴፕቴምበር 1853 በየወሩ አንድ ቀጭን ቅጽ ይወጣ ነበር። ቅጹ 32 ገጽና ሁለት ሥዕል አለው፤ ዋጋው አንድ ሺሊንግ ነው። የመጨረሻው ድርብ ስለነበር 20ው ቁጥሮች በ19 ወር አለቁ። ሲጠቃለል 67 ምዕራፍ፣ ወደ 350,000 ቃላት ሆነ።

ዲክንስ ለእያንዳንዱ ወር አንድ ወረቀት ለሁለት ከፍሎ ያዘጋጅ ነበር። በአንደኛው ወገን ምዕራፎቹን ይዘረዝራል፤ በሌላው ወገን ራሱን እየጠየቀ ራሱ ይመልሳል። እገሌ በዚህ ወር ይምጣ? ይቆይ? ወረቀቶቹ ዛሬ ለንደን በቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ይገኛሉ። በአስራ አምስተኛው ቁጥር ወረቀት ላይ፣ የመንገድ መሻገሪያ እየጠረገ ሳንቲም ስለሚለቅመው ስለ ጆ የሰፈረው እንዲህ ይላል፦ “ጆ? አዎ። ግደለው።” ይህን ሳነብ ሁልጊዜ ይሰቀጥጠኛል። አንባቢን ሁሉ ያስለቀሰ ሞት በሦስት አጭር ቃል ተወስኖ ነበር። ደግሞም የተወሰነው ለአንድ ለተወሰነ ወር ነው፤ ዲክንስ ማን እንደሚሞት ብቻ ሳይሆን አንባቢው ያንን ሞት ይዞ ስንት ቀን እንደሚቆይም ያሰላ ነበር።

ታሪኩን ላላነበበ ባጭሩ ልንገር። “ጃርንዲስና ጃርንዲስ” የተባለ የውርስ ክርክር ቻንስሪ በሚባለው የለንደን ፍርድ ቤት ውስጥ ትውልድ እያለፈበት ይጓተታል። ወላጆቿን የማታውቀው ኤስተር ሰመርሰን ከተከራካሪዎቹ በአንዱ፣ በደጉ ጃርንዲስ ቤት ትኖራለች። በሌላ ወገን የመኳንንት ሚስት የሆነችው ሌዲ ዴድሎክ፣ ከጋብቻዋ በፊት የወለደቻትና ሞተች የተባለችው ልጇ ምስጢር አላት። የቤተሰቡ ጠበቃ ተልኪንግሆርን ይህን ምስጢር እግር በእግር ይከተላል። ክርክሩ መጨረሻ ላይ ማንም ሳይረታ ያበቃል፤ ርስቱን ወጪው በልቶት ያልቃል። ዲክንስ ይህን ከሩቅ ሰምቶ አይደለም የጻፈው። በ1844 ያለ ፈቃድ ስራውን አሳትመው የሚሸጡበትን ሰዎች በዚሁ ፍርድ ቤት ከሶ ረታ፤ ተከሳሾቹ ግን ከሰርን ስላሉ ወደ 700 ፓውንድ የሚደርሰውን ወጪ ራሱ ከፈለ።

ችግሩ

ልቦለዱ ለስክሪን አዲስ አልነበረም። በ1901 ጆ በበረዶ ላይ ሲሞት የሚያሳይ አንድ ደቂቃ ገደማ የሚሆን ድምፅ አልባ ፊልም ተሠርቷል። ይህ ፊልም በብሪቲሽ ፊልም ኢንስቲትዩት ክምችት ውስጥ በ2012 ተለይቶ ሲታወቅ፣ የዲክንስ ገጸ ባሕርይ ከታየባቸውና እስከ ዛሬ ከተረፉ ፊልሞች ሁሉ ቀዳሚው ሆኖ ተገኘ። በ1959 ቢቢሲ ልቦለዱን በ11 የግማሽ ሰዓት ክፍሎች አቀረበው። በ1985 ደግሞ በስምንት ክፍል፣ እያንዳንዱን ወደ አንድ ሰዓት አድርጎ እንደገና ሠራው።

ስለዚህ በ2005 የተነሱት ሰዎች ፊት ሦስት ነገር ተደቅኖ ነበር። አንደኛው ርዝመቱ ነው። ሁለተኛው የትረካ አንጻሩ ነው፤ ልቦለዱን ሁለት ሰዎች እየተፈራረቁ ይተርኩታል። ግማሹን ኤስተር በ“እኔ” እና በኃላፊ ጊዜ ታወራለች፤ ሌላውን ግማሽ ስም የሌለው፣ ሁሉን የሚያይ፣ የሚቆጣና የሚሳለቅ ድምፅ በአሁን ጊዜ ይተርከዋል። ሦስተኛው ተመልካቹ ነው። የዲክንስ ስራ ሲባል እሁድ ማታ ከቤተሰብ ጋር በጨዋነት የሚታይ ነገር ተደርጎ ለምዶ ነበር፤ ከዚያ ልማድ ውጭ ያለው ሰው እንደ ትምህርት ቤት መጽሐፍ ይሸሸዋል።

ከሦስቱ ይበልጥ የማረከኝ ርዝመቱ ነው፤ ምክንያቱም ችግሩ ርዝመት እንዳልነበረ ቁጥሩ ራሱ ይናገራል። የ1985ቱ ስራ ሰባት ሰዓት ገደማ፣ የ2005ቱ ስምንት ሰዓት ገደማ ነው። ልዩነቱ ብዙ አይደለም። ስምንት ክፍል ያለው ድራማ ግን ሰባት ጊዜ ብቻ ይቆማል፤ እንደ 2005ቱ አስራ አምስት ክፍል ያለው አስራ አራት ጊዜ ይቆማል። የዲክንስ አንባቢ በ19 ወር ውስጥ አስራ ስምንት ጊዜ ልቡ ተሰቅሎ ይቀር ነበር። ገጸ ባሕርያቱ፣ ምስጢሮቹ፣ አጋጣሚዎቹ ሁሉ የተሸመኑት ለእነዚህ አስራ ስምንት ክፍተቶች ነው። ክፍተቱ ሲቀንስ ታሪኩ ያለ ማረፊያ እንደተሠራ ደረጃ ይሆናል፤ መውጣት ይቻላል፣ ግን ያደክማል።

የተወሰዱ እርምጃዎች

የመጀመሪያው ውሳኔ የተወሰደው ስክሪፕት ላይ ሳይሆን ሰዓት ላይ ነው። ከመክፈቻው የአንድ ሰዓት ክፍል በቀር የቀሩት 14 ክፍሎች ግማሽ ግማሽ ሰዓት ሆኑ። ከኦክቶበር 27 እስከ ዲሴምበር 16፣ ሐሙስና አርብ ምሽት፣ ሕዝብ ከሚከታተለው “ኢስትኤንደርስ” ከተባለው የሰፈር ድራማ ቀጥሎ ይታይ ተባለ። ዲክንስን ሶፕ ኦፔራ ሊያደርጉት ነው የሚል ቅሬታ ገና ሳይታይ ተሰማ። ቅሬታው አይገርመኝም። ነገር ግን በየወሩ በሺሊንግ ይሸጥ የነበረን ታሪክ በየሳምንቱ ጠብቆ ለሚያይ ሕዝብ መስጠት ወደ ተወለደበት ቤት መመለስ ነው።

ቀጥሎ ጸሐፊው ከብዙዎቹ የታሪክ ክሮች አንዱን አከርካሪ አደረገ፤ የሌዲ ዴድሎክን ምስጢር። ልቦለዱ ላይ ገና በሁለተኛው ምዕራፍ፣ ጠበቃው የክርክሩን ሰነድ ሲያነብላት ሌዲ ዴድሎክ የጽሕፈቱን ቅርጽ ታያለች። “ይህን የገለበጠው ማን ነው?” ትላለች፤ ወዲያው ራሷን ትስታለች። ስልቹዋ፣ ምንም የማይደንቃት ሴት አንድ የእጅ ጽሕፈት ጣላት። ድራማውም ከዚህች ቅጽበት ይነሳል። ከዚያ በኋላ የፍርድ ቤቱም፣ የኤስተርም፣ የጆም ታሪክ ለዚህ ክር እየታከከ ይሄዳል።

ሦስተኛው እርምጃ ለማንኛውም የድራማ ጸሐፊ ትምህርት ነው። መጽሐፉ ውስጥ ተልኪንግሆርን ሐሳቡን ለማንም አይነግርም፤ ዝምታው ነው የሚያስፈራው። ምን እንደሚያስብ የሚነግረን ተራኪው ነው። ተራኪው ከተነሳ ጠበቃው ጥቁር የለበሰ ዝምተኛ ሽማግሌ ብቻ ሆኖ ሊቀር ነው። ጸሐፊው ከላይ የሚናገር ድምፅ አልጨመረም። መጽሐፉ ውስጥ የሌለ ክላም የሚባል የቢሮ ጸሐፊ ለጠበቃው ፈጠረለት። ጠበቃው ለክላም ያዘዋል፣ ይጠይቀዋል፣ አልፎ አልፎ ከሐሳቡ ጥቂት ይወረውርለታል። እኛም የክላምን ፊት እያየን እንፈራለን። አንድ ሰሚ በመፍጠር የአንድ ተራኪ ስራ ተሸፈነ።

ቁረጣውም ነበር። ወታደር የነበረው ባግኔት ከነቤተሰቡ ወጣ። ሚስስ ስናግስቢና የአራጣ አበዳሪው የስሞልዊድ ሚስት ወጡ። ቀረጻው ደግሞ በሁለት በእጅ በተያዙ ካሜራዎች ተሠራ፤ ፊት ይቀርባል፣ ሰፊ የመልክዓ ምድር ትዕይንት እምብዛም ነው። ለዴድሎኮች ርስት የተመረጠው ኬንት ውስጥ የሚገኘው ኮብሃም ሆል ነው፤ ዲክንስ ራሱ በአቅራቢያው ኖሮ በግቢው ጫካ በእግሩ ይዘዋወር ነበር። ቢሆንም ካሜራው ሕንጻውን ለማድነቅ አይቆምም፤ ሰው ይከተላል።

የተሳካው

አንድ ቦታ ቀረብ ብለን እንየው፤ የመጽሐፉን ምዕራፍ 29። ገፒ የሚባል ልታይ ልታይ የሚል የሕግ ቢሮ ጸሐፊ ሌዲ ዴድሎክ ዘንድ ይቀርባል። ፈራ ተባ እያለ፣ ወረቀቱን እያየ፣ ያጠራቀመውን ማስረጃ አንድ በአንድ ይደረድራል። ኤስተር ሰመርሰን የተባለችው ልጅ እውነተኛ ስሟ ሰመርሰን አይደለም ይላል። ሌዲ ዴድሎክ እየሰማች ነው። ሞተች የተባለችው ልጇ በሕይወት እንዳለች የምታውቀው በዚህ ደቂቃ፣ በዚህ እንግዳ ሰው ፊት ነው። ማልቀስ አትችልም፤ መጮህ አትችልም። ገፒ ሲወጣ ብቻዋን ተንበርክካ “ልጄ! ልጄ!” ትላለች፤ ባሏ እዚያው ቤት ውስጥ ጋዜጣ ይዞ እያንቀላፋ ነው፣ አይሰማም። ዲክንስ የዘጠነኛውን ቁጥር በዚህ ጩኸት ዘጋው። አንባቢው እስከ ዲሴምበር 1852 ይህንን ጩኸት ይዞ ቆየ።

ስክሪኑ ላይ ተዋናይዋ ትዕይንቱን የያዘችው ባለመንቀሳቀስ ነው። ድምጿ ዝቅ ያለ ነው፣ ፊቷ ላይ የሚንቀሳቀስ ነገር የለም ማለት ይቻላል፤ ገፒ ግን ላብ በላብ ነው። ሁለቱን እያፈራረቀ የሚያሳየን ካሜራ መጽሐፉ በገጽ ሙሉ የሚነግረንን በጥቂት ደቂቃ ይጨርሳል። በስምንት ክፍል ድራማ ውስጥ ይህ ትዕይንት ወደ ሌላ ትዕይንት መሸጋገሪያ ሊሆን ይገደድ ነበር። ግማሽ ሰዓት ውስጥ ግን የምሽቱ ዋና ጉዳይ መሆን ይችላል።

ሌላው የተሳካው ኤስተር ነች። መጽሐፉ ላይ ስለ ራሷ ስታወራ “እኔ ምን አውቃለሁ” ማብዛቷ ብዙ አንባቢ ያስቸግራል፤ እኔንም አስቸግሮኛል። ድራማው ትረካዋን ወሰደባትና ፊቷን ሰጠን። የምትናገረው ትንሽ፣ የምታየው ብዙ የሆነች ሴት ሆነች። በ2006 የባፍታ ሽልማት ላይ ስራው ከተከታታይ ድራማዎች አንደኛ ሲባል፣ እሷን የተጫወተችው በምርጥ ተዋናይት ዘርፍ ተሸለመች፤ ይገባታል።

ትናንሾቹን ገጸ ባሕርያትም ልጥቀስ። ዲክንስ ለእያንዳንዳቸው አንድ መለያ ይሰጣል፤ የአነጋገር ልማድ፣ የእጅ እንቅስቃሴ። አንባቢው በወሩ ሲመለስ “ይሄ ማን ነበር?” እንዳይል ነው። ከወንበሩ ተንሸራቶ የሚሰምጠው ስሞልዊድ የልጅ ልጁን “ጁዲ፣ ነቅንቂኝ!” ይላታል። ከሳምንት በኋላ ድራማውን ለከፈተ ተመልካችም ይህች አንዲት ጥሪ በቂ ነበረች።

ያልተሳካው

የስሞልዊድ ጥሪ የተሳካበት ቦታ ላይ ራሱ ስንጥቅ አለ። መጽሐፉ ላይ ሽማግሌው የሚሰምጠው ያለ ምክንያት አይደለም። ሚስቱ በተናገረች ቁጥር ተናዶ ትራስ ይወረውርባታል፤ ወርውሮ ራሱ እጥፍ ብሎ ይቀራል፤ ከዚያ ነው ነቅንቂኝ የሚለው። ክፋቱ ዞሮ ራሱን ነው የሚጥለው። ድራማው ሚስቱን ሲያወጣ ምክንያቱ ሄደና ልማዱ ብቻ ቀረ። ተመልካቹ ስቋል፤ ግን የሚስቀው በግማሹ ነው።

የባግኔት ቤተሰብ መውጣት ከዚህ የከበደ ነው። መጽሐፉ ላይ በሰው መግደል ተጠርጥሮ የታሰረውን ወታደሩን ጆርጅን ከእናቱ የምታገናኘው ሚስስ ባግኔት ነች። ካባዋን ደርባ፣ ጃንጥላዋን ይዛ፣ ሊንከንሻየር ድረስ ሄዳ እናቱን ታመጣለታለች። ያን ሁሉ የመኳንንትና የጠበቆች ብርድ የሚያሞቀው እንዲህ ዓይነት ቤት ነው። ድራማው ለዚህ ሙቀት ቦታ አላገኘም፤ ጭለማው በዛ።

በአንድ ወቅት ፋሽን የነበረ አንድ ነገርም አለ። ከቦታ ወደ ቦታ ሲሸጋገሩ ካሜራው በድንገት ይዘላል፣ ሽው የሚል ድምፅ ይሰማል፣ ሕንጻው በሦስት ምት እየቀረበ ይመጣል። ፍጥነት ለመፍጠር ታስቦ ይሆናል። ታሪኩ ግን በራሱ እየሮጠ ነበር፤ ከኋላ የሚገፋው አላስፈለገውም። ዛሬ ሳየው ከአለባበሱ በፊት ያረጀው ይሄ ነው።

ትልቁ ጉድለት የጆ ሞት ላይ ይታያል። ሐኪሙ አጠገቡ ተቀምጦ አቡነ ዘበሰማያትን ቃል በቃል ያስደግመዋል። ልጁ ጸሎት ተምሮ አያውቅም፤ “አባታችን” የሚለውን ሲሰማ ጥሩ ነገር ነው ይላል። ስሙ ይቀደስ የሚለው ላይ ሳይጨርሰው ይሞታል። ይህንን ድራማው በሚገባ አሳይቷል። መጽሐፉ ላይ ግን እዚያ ነው ስም የለሹ ተራኪ ድንገት ዞሮ በቀጥታ የሚጣራው፦ ሞቷል፣ ግርማዊነትዎ። ሞቷል፣ ጌቶቼ። በዙሪያችንም በየቀኑ እንዲህ እየሞቱ ነው። ንግሥቲቱን፣ ምክር ቤቱን፣ ቀሳውስቱን፣ ከዚያም አንባቢውን ነው የሚጠራው። ስክሪኑ ላይ ይህን የሚናገር ሰው የለም። ሞቱ አሳዛኝ ሆነ፤ ክስ ግን መሆን አልቻለም። ክላምን የፈጠረ ብልሃት እዚህ አልሠራም፤ የጠበቃን ሐሳብ የሚሰማ ሰው መፍጠር ይቻላል፣ ሀገርን የሚወቅስ ድምፅ ግን ለየትኛው ገጸ ባሕርይ ይሰጣል?

ወደ ሌላ ስራ የሚሻገረው

የአማርኛ ልቦለድን ወደ ተከታታይ ድራማ ለመቀየር ለሚያስብ ሰው ከዚህ ጉዳይ የምወስድለት የመጀመሪያው ነገር ከቁረጣ በፊት መቆሚያውን መፈለግ ነው። ልቦለዶቻችን አብዛኞቹ ባንድ ጊዜ ታትመው የወጡ ስለሆኑ የዲክንስን ያህል ግልጽ ክፍተት የላቸውም። ቢሆንም ደራሲው ትንፋሽ የሚወስድበት ቦታ አለ፤ ምዕራፍ የሚዘጋበት፣ አንድ ሰው በር ከፍቶ የሚገባበት፣ ደብዳቤ የሚነበብበት። እነዚህ ተለቅመው ሲያልቁ የክፍሎቹ ብዛትና ርዝመት ራሱ ይወጣል። እኛ ዘንድ ብዙ ጊዜ የክፍል ብዛት አስቀድሞ ይወሰንና ታሪኩ ይመተርለታል።

ሁለተኛው የቁረጣ ሥርዓት ነው። ገጸ ባሕርይ ሲወጣ፣ እሱ ምክንያት የሆነላቸው ነገሮች ምን ምን እንደሆኑ ተጽፎ ይታይ። ምክንያቱ ከሄደ ውጤቱም ይሂድ፤ ወይም ሌላ ምክንያት ይሰጠው። የስሞልዊድ ሚስት ጥቂት ገጽ ብቻ ያላት ሴት ነች፤ የጎደለችው ግን እሷ ብቻ አይደለችም።

ሦስተኛው ተራኪው ነው፤ እዚህ ላይ እኛ ከእንግሊዞቹ የተለየ ልምድ አለን። “ከመጻሕፍት ዓለም” በሚለው የኢትዮጵያ ሬዲዮ ፕሮግራም “ፍቅር እስከ መቃብር” ሲተረክ ያደመጠ ሰው የተራኪው ድምፅ እስከ ዛሬ ጆሮው ላይ አለ። ሬዲዮ የደራሲውን ድምፅ ሙሉ በሙሉ ያስተላልፋል፤ ካሜራ ሲመጣ መጀመሪያ የሚጠፋው እሱ ነው። በትረካ ጆሮው የሰለጠነ ሕዝብ ድራማውን ሲያይ “መጽሐፉን አልሆነም” የሚለው፣ እኔ እንደሚመስለኝ፣ ብዙ ጊዜ ትዕይንት ጎድሎበት አይደለም። የለመደው ድምፅ ጠፍቶበት ነው። ስለዚህ ተራኪው ምን ይሁን የሚለው የመጀመሪያው ትዕይንት ከመጻፉ በፊት ይወሰን። ሐሳብ የሚያስረዳበት ቦታ ላይ ሰሚ ገጸ ባሕርይ ይፈጠርለት። የሚወቅስበት፣ የሚያለቅስበት ቦታ ላይ ግን ድምፁን ራሱን ለማስገባት መድፈር ያሻል፤ የ2005ቱ ሰዎች ጆ አልጋ አጠገብ ይህን ቢሞክሩት ኖሮ ብዬ እስከ ዛሬ አስባለሁ።

አሁን ጠረጴዛዬ ላይ አንድ የአማርኛ ልቦለድ አለ። እስካሁን በእርሳስ አስራ አንድ መቆሚያ አመልክቼበታለሁ። አስራ አንደኛው ላይ ተራኪው ለአንባቢው ቀጥታ የሚናገርባት አንዲት አንቀጽ አለች፤ ለማን አፍ እንደምሰጣት ገና አላገኘሁም።